ያልታጠረ መሬት ባለቤት የለውም ያለው ማን ነው?

ባለፈው ወር እዚህ ዓምድ ላይ ኬንያ ውስጥ ከብት እያረባ ስለሚኖረው የማሳይ ሕዝብና እንግሊዞች ስለወሰዱባቸው የግጦሽ መሬት ሁለት አንቀጽ ጣል አድርጌ ነበር። ጥያቄው እንዲህ ይጎርፋል ብዬ አልጠበቅኩም። አንዳንዱ ተቆጥቷል፣ አንዳንዱ ደግሞ የሕግ ፈተና ያወጣልኝ ይመስላል። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ ሰባቱን መርጫለሁ። ዓመቶቹም ወሮቹም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ቅኝ ገዢ መጣ፣ መሬት በጉልበት ወሰደ፣ አለቀ። ጠመንጃ ለያዘ ሰው ሕግ ምን ያደርግለታል? ለምን ነገሩን ታወሳስበዋለህ? (የሕግ ነገር የማይጥመኝ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጠመንጃውማ ነበር። ግን ጠመንጃ ሰው ያባርራል እንጂ መሬት አይሸጥም። ከእንግሊዝ አገር ተነስቶ የሚመጣ ሰፋሪ ገንዘቡን የሚያፈሰው፣ ባንክም የሚያበድረው ወረቀት ሲኖር ነው። ወረቀት የሚሰጥ መንግሥት ደግሞ መጀመሪያ "መሬቱ የኔ ነው" ማለት መቻል አለበት። ችግሩ እዚህ ላይ መጣ።

ኬንያን እንውሰድ። ብሪታንያ በ1895 አገሩን "ፕሮቴክቶሬት" አለችው። ትርጉሙ በጥበቃዬ ሥር ያለ፣ ግን የኔ ያልሆነ አገር ማለት ነው። በራሷ ሕግ ብንሄድ የሰው አገር መሬት መሸጥ አትችልም። በ1899 የዘውዱ፣ ማለትም የእንግሊዝ መንግሥት፣ የሕግ አማካሪዎች መላ ፈጠሩ፦ የተደራጀ መንግሥት በሌለበት አገር፣ ሰው ያልሰፈረበትን ጠፍ መሬት ዘውዱ እንደፈለገ ሊያደርገው ይችላል አሉ። በቃ፣ በሩ ተከፈተ። በ1902 የወጣው የዘውድ መሬት ሕግ ለሰፋሪ መሸጥንና ለ99 ዓመት ማከራየትን ፈቀደ። በ1915 ሕጉ ሲሻሻል ኪራዩ 999 ዓመት ሆነ። አልተሳሳትኩም፣ ሦስቱም ዘጠኝ ናቸው። ከዚያው ጋር "የዘውድ መሬት" የሚለው ትርጉም ተለጥጦ አፍሪካውያኑ ቤት ሠርተው፣ አርሰው የሚኖሩበትንም መሬት ዋጠው። ጠፍ በሚለው ቃል ተጀምሮ ጠፍ ያልሆነው ላይ አረፈ።

ጥያቄ፦ ሕግ እያነበብኩ ነው። "ጠፍ መሬት" የሚለው ቃል በየቦታው ይመጣል። የምር መሬቱ ባዶ ነበር? (ሦስተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ)

መልስ፦ ባዶ የሚመስልበት ጊዜ ነበር። ይህን መካድ አያስፈልግም። ለምን ባዶ መሰለ የሚለውን ነው ማየት ያለብን።

አንደኛው ምክንያት አርብቶ አደር መሬትን የሚጠቀምበት መንገድ ነው። ማሳዮች ጋ ከመንደሩ አጠገብ ኦሎፖሎሊ የሚባል፣ ለጥጆች ተብሎ የሚከለል ሣር አለ። ከዚያ ራቅ ብሎ ዝናብ ሲዘንብ የሚሰማሩበት ሜዳ አለ። ይበልጥ ርቆ ደግሞ ውሃ የማይነጥፍበት፣ ለድርቅ ወራት የተያዘ ግጦሽ። ይሄ የመጨረሻው ዝናብ እያለ ሆን ተብሎ አይነካም። ሣሩ እንዲጠና ይተዋል። እንግዲህ አንድ ቀያሽ በዝናቡ ወር እዚያ ቢደርስ ምን ያያል? ጉልበት የሚደርስ ሣር፣ የሚፈስ ወንዝ፣ አንድም ሰው የለም። ደብተሩ ላይ "ጠፍ" ብሎ ይጽፋል። ሰውየው ባዶ ያለው ግን የሰዎቹን ቁጠባ ነው። ባንክ ገብቶ "ይህን ሒሳብ ስድስት ወር ማንም አልነካውም፣ ስለዚህ የማንም አይደለም" እንደማለት።

ሁለተኛው ምክንያት ለእኛም ሩቅ አይደለም። በ1887 ግድም ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር እንደመጣ የሚታመነው የደስታ በሽታ፣ ያ አገራችንን ክፉ ቀን ውስጥ የከተተው፣ ወደ ደቡብ ወርዶ የማሳዮችን ከብትም ፈጀ። ተከትሎ ፈንጣጣ መጣ። ከብት ያለቀበትና ወገኑን የቀበረ ሕዝብ ሰብሰብ ብሎ ሲኖር ሰፊው ሜዳ ጭር ይላል። እዚያው ኬንያ በሚኖሩት የኪኩዩ ገበሬዎች ላይም በ1898 እና 1899 በረሃብና በፈንጣጣ ተመሳሳይ ነገር ደረሰ። ሰፋሪዎቹ የደረሱት ልክ በዚያ ሰሞን ነበር። ጎረቤቱ ሐዘን ላይ ሳለ ቤቱ ክፍት ነው ብሎ ዕቃውን ይዞ የገባን ሰው አስበው።

ፈተና ላይ ከመጣ እንዲህ ብለህ ጻፍ፦ ጠፍ የሚለው ቃል የመሬቱን ሁኔታ ከመግለጽ አልፎ ባለቤትነትን የሚሽር የሕግ መሣሪያ ሆኖ ሠርቷል። መምህርህ ካልተስማማ እኔን ወቅሰኝ።

ጥያቄ፦ ማሳዮች ውል ፈርመዋል ብለህ ነበር። ታዲያ ውሉ ሲጣስ ለምን አልከሰሱም? (ግራ የገባት)

መልስ፦ ከሰሱ እንጂ! እኔም ይህን ታሪክ መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን ሁለቴ ነው ያነበብኩት፣ ስላላመንኩ።

በ1904 የማሳዮቹ መንፈሳዊ መሪ ኦሎናና ሌሎችንም ይዞ ከእንግሊዙ ኮሚሽነር ጋር ተፈራረመ። ውሉ ማሳዮች ከስምጥ ሸለቆው፣ ከናይቫሻና ከናኩሩ አካባቢ ለቀው አንዱ በሰሜን ላይኪፒያ፣ ሌላው በደቡብ በሚከለሉ ሁለት ቦታዎች እንዲኖሩ ነው። የሚጸናውም "የማሳይ ዘር እስካለ ድረስ" ነው ይላል። ዘሩ አለ፣ ውሉ ግን ሰባት ዓመት ሳይሞላው ፈረሰ። ላይኪፒያ ለሰፋሪው ዓይን አማረችና በ1911 ሌላ ውል ተጻፈ። ኦሎናና በዚያው ዓመት ሞቷል፣ በእሱ ቦታ የገባው ልጁ ሴጊ ገና ልጅ ነበር። የሰሜኖቹ ከነከብታቸው ወደ ደቡብ ተነዱ። የመጀመሪያው ጉዞ በመንገድ ላይ ከብት እያለቀ ተቋረጠ፣ በኋላ እንደገና ተጀመረ።

በሰሜን ይህን የተቃወመው መሪ ኦሌ ጊሊሾ ነበር። ሰዎቹ ጦር አላነሱም። ጠበቃ ቀጠሩ። ክሱ ኦሌ ንጆጎ በሚባለው ከሳሽ ስም ይታወቃል፣ ውሳኔው በ1913 ወጣ። ዳኞቹ ያሉት ሲጠቃለል ይህ ነው፦ አገሩ ፕሮቴክቶሬት ነው፣ ስለዚህ ማሳዮች የውጭ ሕዝብ ናቸው፤ ውሉም በሁለት መንግሥታት መካከል የተደረገ ስምምነት ነው፤ በመንግሥታት መካከል የተደረገ ስምምነት ተጣሰ ብሎ ተራ ፍርድ ቤት ማየት አይችልም። ሂዱ። ይግባኙም እዚያው ወደቀ።

አሁን ስምንት ዓመት ቆጥረሽ ወደ 1921 ነይ። በመካከል፣ በ1920 አገሩ ከፕሮቴክቶሬትነት ወጥቶ ቅኝ ግዛት ሆኗል። ሁለት ኪኩዩዎች በመሬት ተካሰው ፍርድ ቤት ቆሙ፣ አንዱ ኢሳካ ዋይናይና፣ ሌላው ሙሪቶ ይባላል። ዳኛው ባርት ጭራሽ ክርክራቸውን አለፈውና መሬቱ ሁሉ የዘውዱ ነው፣ እናንተ ዘውዱ እስከፈቀደ ድረስ ብቻ የምትቀመጡ ናችሁ አላቸው። በኛ ቋንቋ ጭሰኛ ናችሁ ማለት ነው፣ ያውም በፈለገ ቀን "ውጣ" የሚባል ጭሰኛ። ገና በጧቱ በአባቶቻቸው ርስት ላይ ሲከራከሩ የነበሩ ሰዎች ከሰዓት ጭሰኛ ሆነው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

አየሽ? ማሳዮቹ ውል ይዘው ሲመጡ "ነጻ መንግሥት ናችሁ፣ ልንዳኛችሁ አንችልም" ተባለ። ኪኩዩዎቹ ርስት ብለው ሲመጡ ደግሞ "የዘውዱ ጭሰኞች ናችሁ" ተባለ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። ይሄኛው ጅብ ቁርበቱንም የኔ ነው አለ።

ጥያቄ፦ የጋራ ነገር እኮ ይበላሻል። ሁሉም ያግጣል፣ ማንም አይንከባከብም። እንግሊዞቹ ለየሰው ካርታ መስጠታቸው ምን ክፋት ነበረው? (ነጋዴ ነኝ)

መልስ፦ በጣም የምወደው ጥያቄ ነው፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው በሆዱ ይዞት ነው የሚዞረው።

መጀመሪያ የጋራ ማለት የማንም ማለት አይደለም። ማንም እንደፈለገ የሚገባበት መሬት ይበላሻል፣ እውነት ነው። የወል መሬት ግን አባል አለው፣ ወሰን አለው፣ መቼ እንደሚገባና ማን ከብት ማስገባት እንደማይችል ደንብ አለው፣ ደንብ የጣሰ ይቀጣል። አሜሪካዊቷ ኤሊኖር ኦስትሮም በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት የተሸለመችው እንዲህ ያሉ የወል አስተዳደሮች እንዴት ለዘመናት እንደሚዘልቁ በማጥናቷ ነው።

ወደ ካርታው ስንመጣ ኒውዚላንድን ላሳይህ። እዚያ የአገሬው ሕዝብ የማኦሪዎች መሬት የጎሳው ነው። አንዱ ቤተሰብ የሚያርስበት፣ ሌላው ዓሣ የሚያጠምድበት፣ ሦስተኛው ወፍ የሚያጠምድበት ዛፍ ሁሉ ተደራርቦ አንድ መሬት ላይ ይገኛል። በ1840 በዋይታንጊ ከእንግሊዝ ጋር የተፈረመው ስምምነት መሬታቸው በእጃቸው እንደሚቆይ ቃል ገብቶ ነበር። በ1865 ግን ሕግ ወጣና የአገሬውን መሬት የሚያይ ልዩ ፍርድ ቤት ሥራውን ጀመረ። ሥራው ቀላል ይመስላል። "ባለቤቱ ማን ነው?" ብሎ ጠይቆ ሰነድ መስጠት ነው። ሰነዱ ላይ ግን በተግባር ከአሥር ሰው በላይ ስም አይገባም ነበር።

ቆም ብለህ አስብበት። ጎሳው ስንት መቶ ሰው ነው። አሥሩን ይመርጣሉ፣ ሽማግሌዎቹን፣ የተከበሩትን፣ "እናንተ ስማችሁን አስገቡልን" ብለው። በጎሳው ዓይን አሥሩ ጠባቂዎች ናቸው። በሕጉ ዓይን ግን አሥሩ ሙሉ ባለቤት ሆኑ፣ የቀሩት ደግሞ ምንም። አሥሩ መሸጥ ይችላሉ፣ ዕዳ ካለባቸው መሬቱ ይያዛል። ዕዳው ደግሞ ከዚያው ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ ይጀምራል። ነገሩ እስኪታይ ከተማ ውስጥ ሳምንታት መቆየት አለ፣ የቅየሳ ክፍያ አለ፣ የዳኝነት አለ። ቀርቼ ላሸንፍ የሚል ደግሞ አይችልም፤ የቀረ ሰው መሬት ለመጣው ይሰጣል። በ1873 ሕጉ ተቀየረና የሁሉም ስም እንዲጻፍ ተደረገ። ተሻለ? ያኔ ደግሞ እያንዳንዱ ድርሻውን ብቻውን መሸጥ ቻለ።

አሜሪካም በ1887 በዶውስ ሕግ የጎሳ መሬትን ለአባወራ 160 ኤከር እያለ ከፋፈለው፣ የተረፈውን ለሰፋሪ ሸጠው። ሕጉ ሲወጣ በጎሳዎቹ እጅ 138 ሚሊዮን ኤከር ያህል ነበር። በ1934 አሠራሩ ሲቆም 48 ሚሊዮን ገደማ ቀርቶ ነበር። እዚህ ላይ በጉልበት የተወሰደ አልቆጠርኩልህም፣ የምልህ በካርታ የሄደውን ነው። ነጋዴ ነህና ይገባሃል። መሸጥ የማይቻለውን ነገር መሸጥ የሚቻል ማድረግ ራሱ ግማሽ ሽያጭ ነው።

ካርታ ክፉ ነው እያልኩህ አይደለም። ካርታው ላይ ማን ስሙን እንደሚያስገባ የወሰነው ማን እንደሆነ እይ ነው የምልህ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ ያልተማርኩ ነኝ፣ ልጆቼ ናቸው የሚያነቡልኝ። ከደን እንጨት መልቀም ስርቆት የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? ጫካ እኮ የፈጣሪ ነው። (አንዲት እናት)

መልስ፦ እማማ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። በየአገሩ የተለያየ ነው፣ ግን አንድ ግልጽ ምሳሌ ሕንድ ናት። እንግሊዞች ለባቡር ሐዲድ ብዙ እንጨት ያስፈልጋቸው ነበር። በ1878 የደን ሕግ አወጡና ጫካውን መንግሥት ከለለው። ደን ውስጥ የሚያሰማሩት፣ እንጨት የሚለቅሙት፣ ማር የሚቆርጡት ሰዎች ልማዳቸው "መብት" መሆኑ ቀረና ብዙው "ፈቃድ" ተባለ። ልዩነቱ ለእርስዎ አይጠፋዎትም። መብትን ማንም አይነሳም፣ ፈቃድ ግን የሰጠው ሰው ሲከፋው ይወስደዋል። ትናንት ለምድጃዋ እንጨት የተሸከመች ሴት በማግስቱ ከደን ጠባቂ የምትደበቅ ሆነች። ሕንድ ይህን ለማስተካከል የደን መብት ሕግ ያወጣችው በ2006 ነው። 128 ዓመት ቆይታ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ የቅኝ ገዢ ፍርድ ቤት ለአገሬው ሰው ፈርዶ ያውቃል? ወይስ ሁሌ ድራማ ነበር? ኤርትራስ? (ሁለት ደብዳቤ አንድ ላይ)

መልስ፦ ፈርዶ ያውቃል፣ ያውም ዳኛው ባርት ኪኩዩዎቹን ጭሰኛ ባለበት በዚያው በ1921። ናይጄሪያ ውስጥ ሌጎስ፣ አፓፓ ላይ መንግሥት መሬት ወስዶ ነበር። አሞዱ ቲጃኒ የሚባለው ባላባት ካሳ ጠየቀ። "አንተ ግብር ተቀባይ እንጂ ባለቤት አይደለህም" ተባለ። ነገሩ ለንደን፣ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ ድረስ ሄደ። የናይጄሪያው ፖለቲከኛ ሄርበርት ማኮሌይም አብሮት ተጓዘ። ዳኛው ሎርድ ሃልዴን የአፍሪካን መሬት በእንግሊዝ የንብረት ሕግ ቃላት መተርጎም ስሕተት ያመጣል፣ እዚያ መሬት የማኅበረሰቡ፣ የመንደሩ ወይም የቤተሰቡ ነው፣ ገዢ ስለተለወጠም ባለቤትነቱ አይጠፋም አለ። ካሳው በሙሉ ባለቤትነት ልክ እንዲሰላ ወሰነ። አንድ ዘውድ፣ አንድ ዓመት፣ ሁለት ፍርድ። በሌጎስ ሰፋሪ ገበሬ አልነበረም፣ በኬንያ ነበር። እኔ ልዩነቱን እዚያ ነው የማየው።

አውስትራሊያ ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። በ1835 ጆን ባትማን የሚባል ሰው የዛሬዋ ሜልቦርን አካባቢ ከአገሬው ሽማግሌዎች መሬት "ገዛሁ" አለ፣ በብርድ ልብስ፣ በቢላና በመሳሰሉት። ገዢው ቡርክ ወዲያው ሻረው። ለአገሬው አዝኖ እንዳይመስልህ። መሸጥ ይችላሉ ከተባለ ባለቤት ነበሩ ማለት ይሆናላ! አገሩ ባለቤት የሌለው ነው የሚለው ሐሳብ እንዲህ ሲጠበቅ ኖሮ ነው ኤዲ ማቦ የመጣው። ማቦ ከአውስትራሊያ በስተሰሜን ካለችው ከመር ደሴት የመጣ ሰው ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አትክልተኛ ሆኖ ሲሠራ ስለ ደሴቱ መሬቱ ለሁለት የታሪክ መምህራን ያወራል። እነሱ ተያይተው፣ መሬቱ በሕግ ያንተ ሳይሆን የዘውዱ ነው አሉት። ማመን አቃተው። በ1982 ከአራት ሰዎች ጋር ከሰሰ። ክርክሩ ላይ የደሴቱ ሰዎች ማሎ ስለሚባለው አምላካቸው ሕግ መሰከሩ፦ ማሎ እጁን ይሰበስባል፣ የሱ ያልሆነውን አይነካም። የሰው ጓሮ አቋርጠህ አትሂድ ማለት ነው። ባለቤት የለሽ የተባለ አገር ውስጥ ይህን ያህል የጠነከረ የወሰን ሕግ! ማቦ በጥር 1992 ሞተ። ፍርዱ ሰኔ 3 ቀን 1992 ለእነሱ ወጣ። አምስት ወር እንኳ አልሞላም።

ስለ ኤርትራ የጻፍክልኝ፦ እዚያም ያው ክፉ ቀን ያራቆተው ደገኛ መሬት ለጣሊያን ሰፋሪ ተብሎ ከ1893 ጀምሮ ተወሰደ። መንደሩ በየጊዜው ለአባላቱ እያከፋፈለ "ደሳ" በሚባለው ደንብ የሚያርሰው መሬትም፣ የቤተሰብ ርስትም ተነካ። በታኅሣሥ 1894 ባህታ ሓጎስ ያመፀበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ከአድዋ በኋላ አዲሱ ገዢ ማርቲኒ በደጋው ላይ ረገብ አደረገው። ቆላው ግን አልተረፈም። በ1909 እና በ1926 በወጡት ሕጎች የአርብቶ አደሩ ሰፊ መሬት የመንግሥት ተባለ። አጥር የለውማ።

ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ ያለፈ ታሪክ ነው። ዛሬ ማን ምን አገኘ? (አጭር መልስ እፈልጋለሁ)

መልስ፦ አጭር። ኬንያ በ2010 ሕገ መንግሥቷ የማኅበረሰብ መሬትን አወቀች፣ በ2016 ሕግ አወጣች። የማው ደን ነዋሪዎቹ ኦጊየኮች በ2017 በአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብት ፍርድ ቤት መንግሥትን ረቱ። መንግሥት ደኑን ለመጠበቅ ነው ያስወጣኋቸው ቢልም፣ ደኑን ያራቆቱት እነሱ ናቸው የሚለውን ፍርድ ቤቱ አልተቀበለም። በሰኔ 2022 ደግሞ ከ157 ሚሊዮን የኬንያ ሽልንግ በላይ ካሳ እንዲከፈላቸው፣ መሬቱም በሁለት ዓመት ውስጥ ተለይቶ በጋራ ስማቸው እንዲመዘገብ አዘዘ። በጋራ ስም የሚለውን ልብ በል፣ አሥር ሰው ምረጡ አልተባሉም።

በኅዳር 2023 የተወሰኑት ኦጊየኮች ከዚያው ከማው ደን እንደገና ተባረሩ፣ ቤታቸውም ፈረሰ።